በካርቱኑ ያላፈረ ፊልም

ካርቱንን በሰው ተዋናይ የሚሠሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያደርጉት በካርቱኑ ማፈር ነው። ቀለሙን ያደበዝዙታል። ጀግናውን ጥቁር የቆዳ ልብስ ያለብሱታል። ሌሊት ያደርጉትና ዝናብ ያዘንቡበታል። «ይሄ የልጆች ነገር አይደለም» ለማለት የማይቆፍሩት ጉድጓድ የለም። ዛሬ የምጽፍላችሁ እንደዚያ ስላላደረገ ፊልም ነው። «ስፒድ ሬሰር» ይባላል። የወጣው በ2008 ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው። ሲወጣ ብዙ ተቺዎች አብጠለጠሉት፣ ሲኒማ ቤትም ገንዘቡን አልመለሰም። እኔ ግን ከካርቱን ከተሠሩ የሰው ፊልሞች ሁሉ አስበልጬ የምወደው እሱን ነው።

ከካርቱኑ ልጀምር። ጃፓን ውስጥ ታትሱኖኮ የሚባል ስቱዲዮ አለ። በ1962 ታትሱዎ ዮሺዳ የሚባል የኮሚክ ሠዓሊ ከሁለት ወንድሞቹ ጋር ያቋቋመው ነው። ዮሺዳ የመኪና ውድድር ታሪክ ሣለ፣ ስቱዲዮው ደግሞ በ1967 ለቴሌቪዥን አዘጋጀው። በጃፓንኛ ስሙ «ማሃ ጎ ጎ ጎ» ነው፤ 52 ክፍል አለው። ዋናው ልጅ ጎ ሚፉኔ ይባላል፣ የቤተሰብ ስሙም ከታላቁ ተዋናይ ከቶሺሮ ሚፉኔ የተወሰደ ነው። ነጩ ሄልሜት ላይ ያለችው «ኤም» የሚፉኔ ነች። ካርቱኑ በዚያው ዓመት አሜሪካ ሲገባ ልጁ ስፒድ ተባለ፣ ኤሟ ግን እዚያው ሄልሜቱ ላይ ቀረች።

እንግሊዝኛውን የጻፈው ፒተር ፈርናንዴዝ የሚባል ሰው ነው። የስፒድን ድምፅም፣ ጭንብል የሚያደርገውን የሬሰር ኤክስን ድምፅም ራሱ ነው የሠራው። ያንን ካርቱን ያየ ሰው የማይረሳው ነገር ገጸ ባሕርያቱ እንዴት በፍጥነት እንደሚያወሩ ነው። ትንፋሽ የላቸውም። ለጃፓንኛ የተሣለ አፍ ላይ እንግሊዝኛ መግጠም ስለነበረበት ነው እንደዚያ የሆነው። ፊልሙ ሲሠራ ፈርናንዴዝን አልረሱትም፤ ውድድር የሚያስተላልፍ ጋዜጠኛ አድርገው ትንሽ ቦታ ሰጥተውታል። ይሄ ብቻ ሠሪዎቹ ካርቱኑን ምን ያህል እንደሚያከብሩት ይነግራችኋል።

መኪናዋን ለማያውቃት ደግሞ፦ ማክ 5 ትባላለች። ነጭ ናት፣ መሪዋ ላይ ከኤ እስከ ጂ ሰባት ቁልፎች አሏት። አንዱን ሲጫን ከሥሯ ክሪክ ወጥቶ ያዘልላታል። ሌላው ከፊቷ መጋዝ ያወጣል። አንዱ ውኃ ውስጥ እንድትሄድ ያደርጋታል። የመጨረሻው ወፍ የሚመስል ሮቦት ወደ ሰማይ ይለቃል። አሁን እነዚህን ነገሮች በእውነተኛ መኪና፣ በእውነተኛ ሰው አሳዩ ቢባል ማን ይደፍራል? ፊልሙን የመሥራት ሐሳብ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሆሊውድ ውስጥ ከእጅ እጅ ሲዞር ነበር። በመጨረሻ «ማትሪክስ»ን የሠሩት እህትማማቾች፣ ላና እና ሊሊ ዋቾውስኪ እጅ ገባ።

ከዚህ በኋላ ያለው በሙያዬ የሚነካኝ ነው። እኔ ኤዲተር ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ሰርግ፣ ክሊፕ፣ አልፎ አልፎም ማስታወቂያ እሠራለሁ። ደንበኛ መጥቶ ከሁሉም በፊት የሚለኝ ነገር «ጀርባውን ብለር አድርጊልኝ» ነው። ሰው ፊቱ ጥርት ብሎ ኋላው ከደበዘዘ «ፊልም ይመስላል» ይባላል። እውነትም ሌንስ የሚያየው እንደዚያ ነው። አንድ ርቀት ላይ ፎከስ ካደረገ ሌላው ይደበዝዛል፣ በተለይ በቅርብ ሲነሳ።

የድሮ ካርቱን ግን ሌንስ እንደሚያየው አይደለም። ሠዓሊዎቹ ሰውየውን ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ላይ ይሥሉታል። መኪናው ሌላ ፕላስቲክ ላይ ነው። ተራራውና ሰማዩ ወረቀት ላይ ናቸው። ሁሉም ተደራርበው ጠረጴዛ ላይ ይተኛሉ፣ ካሜራው ከላይ ሆኖ ያነሳቸዋል። ስለዚህ ቅርብ ያለው ጆሮም፣ አሥር ኪሎ ሜትር የራቀው ተራራም እኩል ጥርት ብለው ይታያሉ። ሩቅና ቅርብ የሚባል ነገር የለም፤ ሌየር ነው ያለው።

ዋቾውስኪዎች ይሄንን ነው የወሰዱት። ታሪኩንና መኪናዋን ብቻ አይደለም፣ ካርቱኑ ዓለምን የሚያይበትን ዓይን ጭምር። በ2007 ክረምት በርሊን አጠገብ ፖትስዳም ውስጥ ባለው በባብልስበርግ ስቱዲዮ ከሞላ ጎደል ሙሉ ፊልሙን አረንጓዴ ጨርቅ ፊት ቀረጹት፤ አረንጓዴው ኋላ በኮምፒውተር ይጠፋና ሌላ ጀርባ ይተካበታል። ፊልም ጥቅል ትተው በዲጂታል ካሜራ ነው የሠሩት። ተዋናዮቹ ለብቻ፣ ጀርባው ለብቻ፣ ሁሉም ጥርት ብሎ ተነሳና ተደራረበ። ጀርባዎቹ ብዙ ቦታ ላይ ከተለያየ አገር ዙሪያውን 360 ዲግሪ የተነሱ እውነተኛ ፎቶዎች ናቸው። ፎቶውን ክብ ኳስ ውስጥ እንደ ልጣፍ ለጥፈው ካሜራቸውን መሃል ያስቀምጣሉ። የማክ 5 እውነተኛ አካልም ተሠርቷል። ውድድር ላይ ግን ተዋናዩ የሚቀመጠው በሚወዛወዝ የመኪና ወንበር ላይ ነው፤ መንገዱ፣ ጎማውና ሌሎቹ መኪኖች በኮምፒውተር የመጡ ናቸው።

ውጤቱ ምን ይመስላል? መጀመሪያ ዓይን ይረብሻል፣ እውነቱን ልንገራችሁ። ሮዝ፣ ብርቱካናማና ውኃ ሰማያዊ አንድ ላይ ይጮሃሉ። ሰው ፊት ለፊት ያወራል፣ ከኋላው ሁለት ፎቅ ርቆ ያለው መስኮት መጋረጃው ሳይቀር ይቆጠራል። አሥር ደቂቃ ስጡት። ዓይናችሁ ይለምደዋል፣ ከዚያ የምታዩትን ሌላ ቦታ እንዳላያችሁት ይገባችኋል።

እኔን የያዘኝ ነገር የጭንቅላት ሽግግሩ ነው። ሌላ ስም ስለማላውቅለት እንዲሁ እለዋለሁ። አንድ ሰው ፊቱ ስክሪኑን ሞልቶ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ይንሸራተታል። ካለፈበት ኋላ ቦታው ተቀይሯል፤ ሌላ ቤት፣ ሌላ ዓመት። ሳይቆረጥ፣ ሳይጨልም። ከኋላ ሌላ ፊት ይመጣና እሱም ዓመቱን ይዞ ያልፋል። የመጀመሪያው ውድድር ላይ አሁን ያለው ስፒድ፣ ልጁ ስፒድና ታላቅ ወንድሙ ሬክስ በዚህ መንገድ እየተቀባበሉ ነው የሚሄዱት።

አንድ ክሊፕ ላይ ሞከርኩት። ዘፋኙ ሲያልፍ ከኋላው ከስቱዲዮ ወደ እንጦጦ እንዲቀየር ነበር የፈለግሁት። እኔም አረንጓዴ ጨርቅ ፊት ነው ያነሳሁት። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ሦስት ሌየር ይበቃል። ያስቸገረኝ ፀጉር ነው። ልጁ አፍሮ ነው ያለው። አረንጓዴው ብርሃን ጫፍ ጫፉ ላይ አንጸባርቆ እያንዳንዱ ጥቅልል አረንጓዴ ክር ሆነ። አረንጓዴውን ሳጠፋው ፀጉሩም አብሮ ይበላል፣ ጭንቅላቱ በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል። በመጨረሻ ፍሬም በፍሬም የፀጉሩን ዙሪያ በእጄ እየተከተልኩ ነው ከጀርባው የለየሁት። ለጥቂት ሰከንድ ሌሊቱን ሙሉ። ከዚያ ወዲህ ያንን ፊልም ሳየው እያንዳንዱ የሚያልፍ ፊት ኋላ የተቀመጠው ሰው ይታየኛል። እነሱ ያንን የሠሩት ለ135 ደቂቃ ነው።

ይሄ ሁሉ ቴክኒክ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ ጊዜ አይቼ እተወው ነበር። ፊልሙ ግን ስለ ቤተሰብ ነው። አባትየው፣ ጆን ጉድማን፣ ቤቱ ውስጥ መኪና ይሠራል። እናትየው ሱዛን ሳራንደን ናት። ታላቅ ልጃቸው ሬክስ ከአባቱ ጋር ተጣልቶ ይወጣል፣ አባትየውም በዚህ በር ከወጣህ አትመለስ ይለዋል። ከዚያ ሬክስ ውድድር ላይ ሞተ ይባላል። ቤቱ ሁሉ ከዚያ በኋላ የሚኖረው በዚያች አንዲት ቃል ሥር ነው።

የመጀመሪያው ውድድር ላይ ስፒድ የሚፎካከረው አጠገቡ ካሉት ጋር አይደለም። እነሱን ጥሏቸው ሄዷል። ከፊቱ የሬክስ መኪና እንደ ጥላ ሆና ትታያለች፤ የዚያ ሜዳ ሪከርድ የሬክስ ነው። ስፒድ ይደርስባታል። ሊያልፋት ይችላል። መጨረሻው መስመር ላይ ሲደርስ ግን ትንሽ ያዘገማል። ሪከርዱ የወንድሙ እንደሆነ ይቀራል። ማንም ምንም አይናገርም። አንድ ካርቱን መሳይ ነገር ውስጥ፣ በዚያ ሁሉ ቀለም መሃል፣ እንደዚህ ያለ ነገር ሲመጣ ጉሮሮዬን ያንቀኛል።

ኋላ ላይ ስፒድም ቤቱን ጥሎ ሊወጣ ሲል አባትየው ይደርስበታል። ይቆጣው ይሆን ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። አይቆጣም። ይሄ በር ሁልጊዜ ክፍት ነው ይለዋል። የእኔ ታላቅ ወንድም ደቡብ አፍሪካ ሲሄድ ከአባቴ ጋር እንደተኮራረፉ ነበር፤ አባቴ በር ድረስ እንኳን አልሸኘውም። አሁን በየእሑዱ ይደዋወላሉ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ጉድማን ያንን ሲናገር የማየው ሌላ ሰውዬ ነው።

ስለ ሬሰር ኤክስም ማለት አለብኝ፤ ፊልሙን ያላየ ይህን አንቀጽ ይዝለለው። ካርቱኑ ውስጥ ተራኪው በየጊዜው እየመጣ «ስፒድ ባያውቅም ይሄ ሰው ታላቅ ወንድሙ ነው» ይለናል። እኛ እናውቃለን፣ እሱ አያውቅም። ፊልሙ ይሄንን ምስጢር ካርቱኑን ከሚያውቀውም ከማያውቀውም እንዴት ይጠብቀው? ስፒድ ጠርጥሮ ይጠይቀዋል፣ ሰውየው ጭንብሉን ያወልቃል፣ ፊቱ የሬክስ አይደለም። ተዋናዩም ሌላ ነው፦ ሬክስን ስኮት ፖርተር፣ ሬሰር ኤክስን ማቲው ፎክስ ነው የሠሩት። ካርቱኑን የሚያውቀውም ሰው «ቀየሩት እንዴ?» ብሎ ይጠራጠራል። በመጨረሻ ፊቱን በቀዶ ጥገና እንዳስቀየረ እናያለን። ከምንጩ ሳይርቁ፣ ምንጩን የሚያውቀውን ሰው እንኳን ማስደንገጥ ማለት ይሄ ነው።

ሮጀር አላም የሚሠራው ሮያልተን የሚባለው ባለሀብት ደግሞ አለ። ውድድሩ ሁሉ የአክሲዮን ጨዋታ እንደሆነ፣ አሸናፊው አስቀድሞ እንደሚወሰን ለስፒድ ይነግረዋል። በትልቅ ስቱዲዮ ገንዘብ የተሠራ የልጆች ፊልም ውስጥ ይህንን ያህል ረጅም ንግግር ስለ ገንዘብ መስማት ይገርማል። እናትየው ከዚያ በተቃራኒ ናት። አንተ ስትነዳ ሳይ ሰው ሥዕል ሲሥል፣ ሙዚቃ ሲሠራ የማይ ይመስለኛል ትለዋለች። ሁለቱን ንግግሮች ጎን ለጎን አስቀምጡና ፊልሙ ለማን እንደሚያደላ ለማወቅ አትቸገሩም።

የማልወደው አለ። ትንሹ ወንድምና ጦጣው በካርቱኑም ነበሩ፣ መተው አይቻልም፤ ግን አንዳንዱ ቀልዳቸው ትዕይንት ያደናቅፋል። መሃል ላይ ያለው የፖለቲካና የአክሲዮን ወሬ ለልጅ ይረዝማል። አጠገቤ ያየው የእህቴ ልጅ እዚያ ጋ ተነስቶ ሄደ፣ የካሳ ክርስቶ ራሊ የሚባለው ረጅሙ ውድድር ሲጀመር ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ አልተነሳም። በረዶ ተራራ ላይ ሲደባደቡ ኋላቸው ያለው ተራራ ጠፍቶ የፍጥነት መስመር ብቻ ሲሆን፣ ልክ በ1967ቱ ካርቱን እንደሚደረገው፣ ቁጭ ብሎ አፉን ከፍቶ ነበር። መኪና ሲጋጭ ደግሞ ነጂው በአረፋ ኳስ ተጠቅልሎ ተስፈንጥሮ ይወጣል። ስለዚህ ልጁም አልፈራም።

በገንዘቡ በኩል ነገሩ ከባድ ነበር። ፊልሙ 120 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈጅቶ በዓለም ዙሪያ ወደ 94 ሚሊዮን ነው ያስገባው። የወጣው ሜይ 9 ቀን ነው፤ «አይረን ማን» ከወጣ ሳምንቱ። ያ ፊልም ብረቱ ብረት የሚመስል፣ አቧራው አቧራ የሚመስል ነበር፤ ሕዝቡም እሱን መረጠ። ከዚያ በኋላ ሆሊውድ የሄደው በዚያ መንገድ መሆኑ ያሳዝነኛል። ሌላው መንገድ ተሞክሮ፣ ተሠርቶ፣ ቆንጆ ሆኖ ነበር። ዛሬ ብዙ ሰው ተመልሶ እያየው፣ ያኔ ተበደለ እያለ ነው። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ።

ልታዩት ከሆነ በስልክ አትዩት። ያ ሁሉ ሌየር በትንሽ ስክሪን ላይ እርስ በርሱ ተጣብቆ ጩኸት ብቻ ይሆናል። ቴሌቪዥን ላይ ሰክታችሁ፣ ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ እዩት፤ የማይክል ጂያኪኖ ሙዚቃ የድሮውን የካርቱን ዜማ መሃል መሃል ላይ ያስገባዋል። ከዚያ በፊት ከካርቱኑ አንድ ሁለት ክፍል ብታዩ ደግሞ ዜማው ሲመጣ ታውቁታላችሁ።