የአካ ሽምብራ

ግንቦት በመጣ ቁጥር አካ ትዝ ትለኛለች። አካ በስሪላንካ ቋንቋ፣ በሲንሃልኛ፣ ታላቅ እህት ማለት ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2008 ተመርቆ፣ በማግስቱ ዓመት ስፌት ልታሰለጥነን ከስሪላንካ መጣች። ታቦር አካባቢ እኛ ግቢ ነበር የተከራየችው።

የ2009 ግንቦት ልደታ ማክሰኞ ዋለች። እንደ ልማዳችን ደጅ ንፍሮ ቀቅለን ከጎረቤት ጋር ስንበላ አካም አብራን ቁጭ አለች። "ነገ ደግሞ የኛ ነው" አለችን። ቬሳክ። ብዙውን ጊዜ በግንቦት ሙሉ ጨረቃ የሚውል የቡድሂስቶች በዓል ነው። የቡድሃን መወለድ፣ እውቀት የበራለትን ሰዓትና ከዚህ ዓለም መለየቱን፣ ሦስቱንም በአንድ ቀን ያስባሉ።

ማታውኑ ፋኖስ መሥራት ጀመረች። ቀርከሃ በቢላ ትሰነጥቃለች፤ እንደ ስንደዶ ታቀጥነዋለች፤ መገጣጠሚያውን በክር ትጠመጥማለች። ስምንት ማዕዘን ያለው አፅም ወጣው። ስስ ነጭ ወረቀት በዱቄት ሙጫ ለጠፈችበት። ከሥሩ እንደ ነጠላ ዘርፍ የተቆራረጠ ወረቀት አንጠለጠለች። ሙጫው እርጥብ እያለ ወረቀቱ ተጨማዶ ነበር፤ ጠዋት ሳየው እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ረቡዕ ማታ ሻማ ለኩሳበት አቮካዶው ላይ ሰቀለችው። ኮሎምቦ በቬሳክ መንገዱ ሁሉ በዚህ ይሞላል አለችኝ።

ያን ቀን ነጭ በነጭ ለብሳ ዋለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እናቴ ቡና አፍልታ ዳቦ ስትቆርስላት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ እንቢ አለች። እናቴን ቅር አላት። ለካ በዚያ ቀን ሥርዓቱን የሚጠብቁ ሰዎች ከቀትር በኋላ እህል አይቀምሱም። እኛ በዓለ ሃምሳ ላይ ስለነበርን ረቡዑንም እንበላለን፤ ጾመኛዋ እሷ ነበረች። እናቴ ነገሩ ሲገባት ዳቦውን በጨርቅ ጠቅልላ "በይ ልጄ፣ ለነገ ቁርስሽ" አለቻት።

እኔን ከሁሉ የነካኝ ግን ሐሙስ ማታ ነው። አገራቸው በቬሳክ ሰው መንገድ ዳር ድንኳን ጥሎ ላለፈ ላገደመው በነፃ ያበላል። ዳንሳላ ይሉታል። አካ አምስት ኪሎ ሽምብራ ዘፍዝፋ አሳድራ ቀቀለች። ሽንኩርትና ቃሪያ በዘይት አቁላልታ ለወሰችው። ኮኮናት ይገባበታል፤ ብታጣ ተወችው። የግቢውን በር ወለል አድርጋ ከፍታ በወረቀት እየጠቀለለች ማደል ጀመረች።

መጀመሪያ ማንም አልቆመም። ነፃ ነው ሲባል ሰው ይጠራጠራል። አንድ የባጃጅ ሹፌር ግን ቀመሰና ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ከዚያ ከፈረቃ የወጡ ልጆች መጡ። እናቴ "ንፍሮ አይደል እንዴ!" ብላ እጇን ታጥባ አጠገቧ ቆመች። "ኑ ቅመሱ፣ የልጄ በዓል ነው" እያለች አላፊውን ሁሉ ትጠራለች።

አንድ ሽማግሌ ጥቅልሉን በሁለት እጃቸው ተቀብለው "ለዓመቱ ያድርስሽ" አሏት። ምን ማለት ነው ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። በለሆሳስ ደጋገመችው። ቀጥሎ ለቆመው ልጅ ሽምብራውን ስታቀብለው ቀድማ "ለዓመቱ ያድርስህ" አለችው።