ኪያር የመሰለው የኮከብ ዘመድ

ሲያትል የምትኖሩ ሰኔና ሐምሌ ላይ ውሃው ርቆ የሚሸሽበትን ቀን ጠብቃችሁ አልካይ የባሕር ዳርቻ ብቅ በሉ። ወይን ጠጅና ብርቱካንማ የባሕር ኮከቦች ከድንጋዩ ጋር ተጣብቀው ታገኛላችሁ። ልጄ የምትሮጠው ወደነሱ ነው። እኔ የማደላው ማንም ፎቶ ለማያነሳው ለባሕር ኪያር ነው፤ ልፍስፍስ፣ ኪንታሮታም ፍጡር።

«አባዬ፣ ይሄን ከኮከቡ ጋር ምን አዛመደው?» ትለኛለች።

አምስት ቁጥር። የባሕር ኪያርን ወገቡ ላይ ቢቆርጡት (ልጄ ፊት አላደርገውም) በርዝመቱ የተዘረጉ አምስት የጡንቻ መስመሮች ይታያሉ። የባሕር ጃርትም እሾሁ ሲረግፍ ቅርፊቱ ላይ በአምስት መደዳ የተበሱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይቀራሉ። በነዚያ ቀዳዳዎች በኩል የሚወጡት እግሮች በፈሳሽ ግፊት የሚሠሩ ናቸው፤ ኮከቡም የሚራመደው በዚያው ዘዴ ነው። እንግዲህ ኮከቡን ክንዶቹን ወደ ላይ አጥፋችሁ ብትገጥሙት ጃርት፣ ጃርቱን ስባችሁ በጎኑ ብታስተኙት ኪያር ይወጣችኋል።

ዘጠነኛ ክፍል ለፈተና የሸመደድነው ኤካይኖደርማታ የሚባለው የእንስሳት ወገን ይኸው ነው። ዛሬ በሕይወት ያሉት 7,000 ያህል ዝርያዎች በአምስት ክላስ (ንዑስ ምድብ) ይመደባሉ፦ ኮከቦች፣ ጃርቶች፣ ኪያሮች፣ ላባ የመሰሉት ክሪኖይዶች፣ እና ክንዳቸው ቶሎ የሚሰበረው ቀጫጭን ኮከቦች። የመጨረሻዎቹ ሰው ያሳስታሉ። ኮከብ ይመስላሉ እንጂ ክንዳቸው ከመሃሉ ክብ አካል ተለይቶ የወጣ ነው፤ የሚሄዱትም እንደ ቀዛፊ ክንዳቸውን እያወዛወዙ ነው። ፊንጢጣም የላቸውም። ልጄ ይህን ከሰማች ወዲህ ለጓደኞቿ ሌላ ነገር አታወራም።

ምደባው ራሱ ተናውጦ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1986 ከኒውዚላንድ ባሕር ውስጥ ከሰጠመ እንጨት ላይ አንድ ሴንቲሜትር የማይሞላ፣ ክንድ የሌለው ክብ ፍጡር ተገኘ። ዛይሎፕላክስ ተባለና ስድስተኛ ክላስ ተሰጠው። በኋላ ዘረመሉ ሲመረመር ኮከብ ሆኖ ተገኘ! እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ጥናት ደግሞ በኮከቡ ቆዳ ላይ የሚሠሩት ዘረመሎች በሌሎች እንስሳት ጭንቅላት የሚሠሩት ናቸው፣ የግንድ አካል የሚባለውን፣ ከጭንቅላት በታች ያለውን ክፍል የሚሠሩት ግን ቆዳው ላይ አይሠሩም ይላል። የሚራመድ ጭንቅላት ማለት ነው። እኔ ከዛይሎፕላክስ ይልቅ ይሄኛው ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ «ላንጋኖ አይገኝም?» አለኝ። አይገኝም። ሻላም፣ ጣናም የለም። የሰውነታቸውን ጨው የሚቆጣጠር አካል ስለሌላቸው ከባሕር ውጭ አይኖሩም። ለእናንተ የሚቀርበው ጅቡቲ ነው፤ በባቡር ወርዳችሁ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ከገባችሁ ጫማ አድርጉ። እዚያ ያለው ጥቁሩ ጃርት እሾሁ ረጅም ነው፣ እግር ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል።