ዘጠነኛ የነበረችው ጥያቄ

የሙያ ብቃት ፈተና በሁለት ዙር ሰጥተን ነበር። ጥያቄ እንዳይሾልክ ብለን ለየዙሩ የተለያየ ፈተና አዘጋጀን፤ ከ60ዎቹ ጥያቄዎች ግን 12ቱ በሁለቱም ዙር የተጠየቁ የጋራ ጥያቄዎች ነበሩ። እርማቱ ሲጠናቀቅ የመጀመሪያው ዙር አማካይ ውጤት 38፣ የሁለተኛው 34 ሆነ።

ኃላፊያችን «ሁለተኛው ከብዷል፤ ለሁሉም አራት አራት ነጥብ ጨምሩና ውጤቱ ይለጠፍ» አሉ። በቅንነት ነው። ነገር ግን አማካዩ ዝቅ ያለው ፈተናው ስለከበደ ነው ወይስ ተፈታኞቹ በዝግጅት ስላነሱ? አማካይ ብቻውን ይህን አይለይም። የሚለዩት ሁለቱም ወገኖች የሠሯቸው የጋራ ጥያቄዎች ናቸው። አንድ ቀን እንዲሰጡኝ ለመንኳቸው።

በ12ቱ ጥያቄዎች የመጀመሪያው ዙር ተፈታኞች በአማካይ 8.4፣ የሁለተኛው 7.6 አግኝተዋል። የ0.8 ልዩነት ወደ 60 ጥያቄ ሲሰፋ ልክ 4 ይመጣል። እንግዲያው ልዩነቱ በሙሉ የተፈታኞቹ ነው፤ የሚጨመር ነጥብ የለም። ሪፖርቱን ጽፌ ጨረስኩ።

ቁጥሩ እንዲህ ገጥሞ መምጣቱ ግን ዕረፍት ነሳኝ። ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ አወጣኋቸው። በ11ዱ ሁለቱ ዙሮች ተቀራራቢ ናቸው። አንዷን ግን በመጀመሪያው ዙር ከ100 ሰው 70 ያህሉ ሲመልሳት፣ በሁለተኛው 20 ብቻ! ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘረጋሁ። አንድም ቃል አልተለወጠም። በመጀመሪያው ፈተና 9ኛ የነበረችው ጥያቄ በሁለተኛው 58ኛ ሆናለች፤ ብዙዎቹም ሰዓት አልቆባቸው ባዶ ትተዋታል። ገጽ ለማስተካከል ስል ያዛወርኳት እኔ ነበርኩ። ዛሬ ፈተና ሳቀናብር የጋራ ጥያቄዎችን በቀድሞ ተራ ቁጥራቸው አስቀድሜ አስቀምጬ ነው ሌላውን በዙሪያቸው የምሞላው።

እሷ ስትወጣ በቀሩት 11 ጥያቄዎች ልዩነቱ 0.3 ሆነ፤ ወደ 60 ሲሰፋ 1.6 ገደማ ነው። ከ4ቱ ነጥብ የተፈታኞቹ ድርሻ ይኸው ነበር፤ የቀረው 2.4 ያህል የፈተናው ክብደት ነው። (ከባድ ፈተና ጎበዙንና ደካማውን እኩል ስለማይጫን፣ የመጨረሻውን ስሌት የውጤቶቹን ስርጭት ጨምረን ሠራን፤ በማለፊያው አካባቢ ግን ብዙም አልተለወጠም።)

ማለፊያው 36 ነበር። አራት ብንጨምር 32 እና 33 ያገኙት ሳይገባቸው ያልፋሉ፤ ምንም ባንጨምር 34 እና 35 ያገኙት ያለ ጥፋታቸው ይወድቃሉ። ጠዋት ኃላፊያችን ዘንድ ገብቼ የሆነውን ሁሉ፣ የራሴንም ስህተት ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣

«34 እና 35 ያገኙት ስንት ናቸው?» አሉኝ።

የስም ዝርዝሩን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ።