የማዳበሪያው ሒሳብ

ትናንት እሑድ ጊቤ ወርጄ ዋልኩ። ዓሣውን ከጠየቃችሁኝ አንድ ቢልጫ ብቻ ነው። እሱም መዳፌን የማያክል ስለነበር መልሼ ለቀቅኩት። ይዤ የመጣሁት አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ቆሻሻ ነው። አሁን በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ባለቤቴ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን እያየች ዝም ብላለች።

ጊቤ ስል ወንዙን ሳይሆን ግድቡ ያጠራቀመውን ውሃ ማለቴ ነው። ከጅማ በአዲስ አበባ መንገድ ወጥቶ ሰርቦን አልፎ፣ አሰንዳቦ አካባቢ። ግልገል ጊቤ አንድ በ1996 ዓ.ም. ሲመረቅ 184 ሜጋ ዋት ያመነጫል ተብሎ ነው። እኔና መሰሎቼ ግን ከመብራቱ ይልቅ የምናውቀው ዓሣውን ነው፤ ቆሮሶውንና ቢልጫውን። የዳሩ ልጆች ለሁሉም አንድ ስም ነው ያላቸው፣ «ቁርጡሚ»። ሸንበቆ ላይ የናይለን ክር አስረው፣ ትል ሰክተው ይወረውራሉ። እኔ በውድ ዘንግ ቀኑን ሙሉ ስቀመጥ እነሱ እራታቸውን ይዘው ይሄዳሉ።

አሁን ሚያዝያ ነው፣ ውሃው ሸሽቷል። መስከረም ላይ ሞልቶ እስከ ሣሩ ይደርሳል፣ ከዚያ ተርባይኑ እየጠጣው ወር በወር ይወርዳል። ሰው ደግሞ ሁልጊዜ የሚቀመጠው ውሃው ጫፍ ላይ ነው። ስለዚህ ትናንት ዳገቱ ላይ ቆሜ ቁልቁል ሳይ፣ ቆሻሻው እንደ ደብተር መስመር ተራ በተራ ተሰምሯል። ላይኛው የመስቀል ሰሞን ነው። ከሱ ወረድ ብሎ ገና፣ ከዚያ ጥምቀት። ውሃው ጫፍ ላይ ያለው የፋሲካ ነው፣ ቆርኪዎቹ ገና ዝገት አላገኛቸውም። የበዓል ካላንደር ማለት ይሄ ነው።

ምን ምን አለበት? አረቄ የተቀዳበት ሃይላንድ፣ የሲጋራ ቁራጭ፣ የኦቾሎኒ ቅርፊት፣ የተጠላለፈ ክር፣ ገረባ። ገረባው አያሳስበኝም፣ ፍየል ይጨርሰዋል። ሃይላንዱንም ቢሆን ልጆች ለቅመው ለቆራሌው ይሸጡታል። ፌስታል ግን የሚገዛው የለም። ፓርላማው በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል፣ እዚያ ጭቃ ውስጥ ያለው ግን አዋጁን የሰማ አይመስልም።

ዋናው ጣጣ ጠርሙሱ ነው። የቢራ ጠርሙስ ማስያዣ ስላለው፣ ደህናውን ሰው ሳጥኑ ውስጥ መልሶ ይወስደዋል። ዳሩ ላይ የሚቀረው የተሰበረው ነው። የተሰበረውን ደግሞ ግሮሰሪው አይቀበልም፣ ቆራሌው አይመዝነውም፣ ፍየል አይበላውም።

ስለ ጠርሙሱ እንዲህ የምናገረው ስለማውቀው ነው።

የዛሬ ስምንት ዓመት ገደማ ነው። አራት ሆነን፣ አንድ ሳጥን ቢራ ጭነን ወረድን። ደመወዝ የወጣ ሰሞን ነበር። ከሰዓት በኋላ ዓሣው እምቢ ሲል መንጠቆውን ረስተነው መጠጡ ላይ በረታን። ውሃው አፍ ላይ አንድ ጥቁር ድንጋይ አለ፣ ጎርበጥ ያለ፣ ተኝታ የምታመሰኳ ላም የሚመስል። አንዳችን ባዶ ጠርሙስ ወረወርንበት። ሳተ። ሌላው ወረወረ፣ መታው። ከዚያ ውድድር ሆነ። «ኧረ ማስያዣው!» ሲሉ፣ «ማስያዣውን እኔ እችላለሁ!» ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ። ስምንት ወይም ዘጠኝ ጠርሙስ ሰብረናል። በነጋታው ለግሮሰሪው ሒሳቡን ስከፍል ጀግና የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ ለብቻዬ ተመለስኩ። ውሃው እንዳሁኑ ወርዶ ነበር። አንድ አሥር ዓመት የሚሆነው ልጅ እያነከሰ በጎኔ አለፈ። በአንድ እጁ በስንደዶ የተሰኩ ሦስት ቆሮሶዎች ይዟል። ቀኝ እግሩን በጥቁር ፌስታል ጠቅልሎ በዓሣ ማጥመጃ ክር ቁርጭምጭሚቱ ላይ አስሮታል። ፌስታሉ ውስጥ ደምና ውሃ ተቀላቅሎ ሲራመድ ይንቦጫቦጫል። «ምን ሆንክ?» ስለው በአገጩ ወደ ድንጋዩ አመለከተኝ። ወደዚያው ወደ ድንጋዩ።

ቡናማ ስባሪ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። የኔ ይሁን የሌላ፣ ልምል አልችልም። ልጁ ግን አልጠየቀኝም፣ ዓሣ እገዛው እንደሆነ ነው የጠየቀኝ። ሦስቱንም ገዛሁት። መልሱን ተወው አልኩት። ከዚያ ወዲያ ይህን ለማንም አላወራሁም፣ ለባለቤቴም ጭምር። ካነበበች ዛሬ ታውቃለች።

ቢራ ጠልቼ አይደለም። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል፣ ውሃ ዳር፣ ሁለት ቢራ መልካም ነገር ነው። ጓደኞቼም ክፉዎች አይደሉም። ይህን ስነግራቸው ግን የሚሰጡኝ መልስ አለ፦ «አንተ ደግሞ፣ ቆሻሻው የኛ ሳይሆን የከተማው ነው።» ግማሹ እውነት ነው። የጅማን መሃል ሰንጥቆ የሚያልፈው አዌቱ ከተማው የጣለበትን ይዞ ወደ ቦዬ ረግረግ ይወርዳል፣ ከዚያም ወደ ግልገል ጊቤ። ኸርማታ ድልድይ ላይ የተጣለ ፌስታል ቦዬ ጉማሬዎቹ ዘንድ ካልቀረ መድረሻው እዚህ ነው። ግን የተሰበረ ጠርሙስ አይንሳፈፍም። ድንጋዩ ሥር ያለውን አዌቱ አላመጣውም።

ሌላም ነገር አለ። ዳሩን የሚያርሱት ገበሬዎች በብዛት ሙስሊሞች ናቸው። መጠጥ ደጃቸው አይገባም። ትናንት ጎንበስ ብዬ ስለቅም አንድ አዛውንት በሬዎቻቸውን ውሃ ሊያጠጡ መጡ። ሰላም ተባባልን።

«ምን ጠፋህ ልጄ?» አሉኝ።

«ምንም አልጠፋኝም አባቴ። ጠርሙስ እየለቀምኩ ነው።»

ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ በበትራቸው ጫፍ ጭቃውን ጫር ጫር አድርገው አንድ የጠርሙስ አንገት አወጡና ወደኔ ገፉልኝ። «እኛ አንጠጣም» አሉ፣ «በሬዎቼም አይጠጡም። የሚረግጡት ግን እነሱ ናቸው።» ቁጣ አልነበረበትም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ልጆቹ ደግሞ ከሩቅ ማዳበሪያዬን አይተው እየሮጡ መጡ። «ጋሼ፣ ቆራሌው ነህ? ሃይላንድ በስንት ትገዛለህ?» ቆራሌው እንዳልሆንኩ ላስረዳ ብሞክር አላመኑኝም። ማዳበሪያ የያዘ ሰው ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? በመጨረሻ ተስማማን። ስባሪ ጠርሙስ በእጅ መንካት ክልክል ነው። በሸንበቆው ጫፍ ያሳዩኛል፣ የማነሳው እኔ ነኝ። አሥር ላሳየ አንድ መንጠቆ። ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መንጠቆ አለቀብኝ። አንዷማ፣ ስድስት ዓመት የማይሞላት፣ አንዱን ስባሪ ሦስት ጊዜ ልታስቆጥርብኝ ሞክራለች። ሁለቴ ተሳክቶላታል።

የድንጋዩ ሥር አላለቀም። ጭቃው የያዘው ብዙ ነው፣ ውሃው ሳይመለስ ግንቦት ላይ አንዴ መውረድ አለብኝ።

አስፋልቱ ላይ ወጥቼ ሚኒባስ አስቆምኩ። ማዳበሪያውን እግሬ መሃል ላድርገው ብል አልገባ አለኝ፣ ጎኔ ያለው ክፍት ቦታ ላይ አስቀመጥኩት። ረዳቱ ሒሳብ ሲሰበስብ እኔ ጋ ደረሰና በጉልበቱ ነካ አደረገው። ቅጭልጭል አለ።

«ምንድነው ፋዘር?»

«ስባሪ ጠርሙስ።»

«ለሽያጭ ነው?»

«ለመጣያ።»

ትንሽ አሰበ። ሰክሬ እንደሆነም አፌን ያሸተተ መሰለኝ። «ቢሆንም» አለ፣ «ቦታ ይዟል። የአንድ ሰው ይከፈልበታል።»

ከፈልኩ። ሰርቦ እስክንደርስ መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ማዳበሪያው ይንሿሿል፣ ከፊቴ ነጠላ ጫማ አድርገው የተቀመጡት እናት ደግሞ በየጊዜው ዞር እያሉ እግራቸውን ይሰበስባሉ።