ከደብረ ታቦር ላሊበላ በእግር

የእናቴን ተዝካር በአርባዋ በትንሹ አወጣን። ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ «በቃሽ፣ አሁንማ ቻይው» ይለኝ ጀመር። ለድግሱ ከያዝነው ብር የተረፈውን ወንድሞቼን አስፈቅጄ ፋሻ፣ አዮዲን፣ ጥጥና ፕላስተር ገዛሁበት። ለ2012 ዓ.ም. ገና ላሊበላ በእግራቸው ከሚሄዱ ተሳላሚዎች ጋር ደብረ ታቦር ላይ ተቀላቀልኩ።

እስከ ነፋስ መውጫ ያለውን ብዙም አላስታውሰውም። አንገቴን ደፍቼ ስሄድ ነበር።

ጥቁር ለብሻለሁና መንገደኛው ሁሉ ከሰላምታ ቀጥሎ «ማን ሞተብሽ ልጄ?» ይለኛል። «እናቴ» እላለሁ። «ነፍስ ይማር» ይሉና መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። «አታልቅሺ» የሚል የለም። ባለቅስም ዞር ብሎ የሚያየኝ አልነበረም። እኛ ሰፈር ድንኳን ውስጥ ካርታ እየተጫወቱ «አይዞሽ» ከሚሉኝ ሰዎች ይልቅ ይሄ ተስማማኝ።

አንድ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ግቢ አደርን። ቁንጫ በላኝ። የባሰው ግን አንድ ጎረምሳ ነው፤ በትንሽ ስፒከር ያንኑ አንድ መዝሙር እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት አስጮኸብን። መዝሙር ነውና ዝጋው ማለት ያሳፍራል። አንዲት እማሆይ ግን አላፈሩም። «ልጄ፣ እመቤታችንም ትተኛ እንጂ» አሉትና አጠፋው።

መቄት ላይ ሲመሽብን አንድ ገበሬ ቤት ደጅ ቆመን «የመሸበት እንግዳ» አልን። «ቤት የእግዜር ነው፣ ግቡ!» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ። እኔ ሰው ሲያንኳኳ በቀዳዳ አጮልቄ «ማን ልበል?» የምል ሰው ነኝ። የቤቱ ልጅ ውሃ አሙቆ የሁላችንንም እግር አጠበ። የገብስ እንጀራ በሽሮ፣ ከዚያ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ አቀረቡልን። ብር ብሰጣቸው አባወራው ተቆጡኝ።

የእኔ ሥራ የሚጀምረው ማታ ነው። ውሃ የቋጠረ፣ የተሰነጠቀ፣ ኮንጎ ጫማ የላጠው እግር ይዘው ተራ ይጠብቃሉ። «ዶክተር» ይሉኛል። ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ ብላቸው የሚሰማኝ የለም። ቁስሉን በጨው ውሃ አጥቤ፣ አዮዲን ቀብቼ አስራለሁ። እጄ ሥራ ሲይዝ ሆዴ ይረጋል። አንድ የጋይንት ሰው እግራቸውን እያሰርኩላቸው ስለ ሞተ ልጃቸው አጫወቱኝ። ስለ በሽታው ሳይሆን ስለ ልጁ ፉጨት። ከብቶቹ ሲያፏጭ ያውቁት ነበር አሉኝ። እኔም የእናቴን ሳቅ ነገርኳቸው። ከሞተች ወዲህ ስለ ሳቋ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ከጋሸና በኋላ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ያኔ ጠጠር መንገድ ነበር። ብርዱ ቀርቶ አቧራ ተተካ። ተሳላሚ የጫኑ ሚኒባሶች እየበረሩ አልፈው ዱቄት አስመሰሉን። በጾም አፍ ያንን አቧራ መዋጥ ሲያናድድ! እማሆይ ይስቁብኛል። እሳቸው በባዶ እግራቸው ናቸው፤ ፕላስተሩን እስከ መጨረሻው እምቢ አሉ።

ከተማው መግቢያ ላይ ወጣቶች ሳፋ ይዘው እንግዳ ይቀበላሉ። እግራችንን አጥበው ዳቦ ሰጡን። ትንሽ አልፌ አልጋ ስጠይቅ ደግሞ አንዱ ለአንዲት ጠባብ ክፍል 1,500 ብር ጠራብኝ። ሻወር አለው ወይ ብለው «ለበዓል ውሃ አይመጣም» አለኝ። ትቼው ከተሳላሚው ጋር ሜዳ ላይ አደርኩ።

ዘመነ ዮሐንስ ስለነበር ገና የዋለው ታኅሣሥ 28 ነው። ቤተ ማርያም በሚባለው ውቅር ቤተ ክርስቲያን ቤዛ ኩሉ የተባለው የገና ዝማሬ ሲዘመር ካህናቱ ከላይ ማሜ ጋራ በሚሉት ከፍታ ላይ፣ ሌሎቹ ከታች ሆነው እየተቀባበሉ ያሸበሽባሉ። ሰው ተጋፍቶ ነበር። ፊቴ የቆመው ሰውዬ ታብሌቱን ከፍ አድርጎ ስለሚቀርጽ ግማሹን ያየሁት በእሱ ስክሪን ነው። ድምፁን ግን ማንም አልጋረደብኝም። የእናቴን ክርስትና ስም ለአንድ ካህን ሰጥቼ ጸሎት አስያዝኩ።

ስመለስ እስከ ወልድያ በአውቶቡስ ነው። ረዳቱ ለሻንጣዬ ተጨማሪ ብር ጠየቀኝ። ሻንጣው ውስጥ የቀረው አንድ ጥቅል ፋሻና ጋቢዬ ብቻ ነበር፤ ከፍቼ አሳየሁትና ተጨቃጭቀን በነጻ ጫነው።