የምድጃ ሙቀት የሚያመነጨውን ቮልቴጅ እንዴት አረጋጋሁት

ሐምሌና ነሐሴ ወሎ ውስጥ ባለችው ኩታበር ፀሐይ ብርቅ ናት። ጉሙ ከደጋው ስለማይነሳ ሶላር ያላቸው ጎረቤቶች ሳይቀሩ ሲመሽ ኩራዝ ይፈልጋሉ። ምድጃ ግን ክረምት ከበጋ ይነዳል። ለእናቴ ማድቤት መብራትና ለስልኳ ቻርጅ የሚሆን ነገር ስፈልግ ዓይኔ ያረፈው በከንቱ በሚባክነው ሙቀት ላይ ነው።

ከቢስሙዝ ቴሉራይድ የሚሠሩ፣ ጎናቸው 4 ሴንቲ ሜትር የሆነ ስስ ሞጁሎች አሉ። አንዱ ገጻቸው ሲሞቅና ሌላው ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ፤ ክስተቱ በ1821 እ.ኤ.አ. ባገኘው በጀርመናዊው ተመራማሪ በዜቤክ ስም ይታወቃል። ቮልቴጁን የሚወስነው የሁለቱ ገጾች የሙቀት ልዩነት ነው፤ እሳቱን ብቻ ማብዛት ዋጋ የለውም። የእኔዎቹ ከ150 ዲግሪ በላይ ስለማይችሉ ከነበልባሉ አራቅኳቸው። በምድጃው የጭቃ ግድግዳ ላይ ወፍራም የአልሙኒየም ሳህን አጣብቄ፣ 4 ሞጁሎች ደርድሬበት፣ በላያቸው ውሃ የሞላ ጠፍጣፋ ድስት በቡሎን አጠበቅኩ። ጭቃው ሙቀት ስለሚይዝ እንጨት ሲጨመርም ሲጎድልም ለውጡ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው።

ከሁሉም የወደድኩት ውሃውን ነው። በእኛ ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ ድስቱ እስካልደረቀ ድረስ ቀዝቃዛው ወገን ከዚያ ብዙም አያልፍም። እናቴ ለብ ያለውን ለውዱእ ትቀዳና በቀዝቃዛ ትተካዋለች፤ ልዩነቱም ወዲያው ይሰፋል። «ልጄ፣ መብራቱ ቢቀር እንኳ ውሃው ይበቃኛል» ትለኛለች።

ቮልቴጅ ሲዋዥቅ ሁሉም እሳቱን ይከሳል። እኔ ግን ዋናው ምክንያት ጭነቱ፣ ማለትም ኃይሉን የሚስበው ዕቃ፣ ነው እላለሁ። ሞጁል ብዙ ኃይል የሚሰጠው ጭነቱ ከሞጁሉ የውስጥ ሬዚስታንስ (ፍሰቱን ከሚገታበት መጠን) ጋር ሲመጣጠን ነው፤ ያኔ ቮልቴጁ ምንም ሳይሰካበት ከሚያሳየው ግማሽ ላይ ይቆማል። ከዚያ በላይ ከተሳበ ይወድቃል። ቲፒ4056 የምትባለው የሊቲየም ባትሪ ቻርጀር ደግሞ ስትገዛ 1 አምፔር እንድትስብ ሆና ነው የምትመጣው፤ ይህን የእኛ ምድጃ አይችለውም። ቦርዷ ላይ የሚሳበውን አምፔር የምትወስን፣ 122 የሚል ጽሑፍ ያለባት የሩዝ ፍሬ የማታክል ሬዚስተር አለች። እሷን በካውያ አንስቼ በ103፣ ማለትም በ10 ኪሎ ኦም፣ ተካኋት። ቻርጀሯ አሁን 130 ሚሊ አምፔር ብቻ ትስባለች፣ ቮልቴጁም ቆመ።

ሌላው ነገር ባትሪው ሲሞላ ይመጣል። ቻርጀሯ መሳብ ስታቆም የሞጁሉ ቮልቴጅ እሳቱ ሳይነካ ወደ እጥፍ ይዘላል። ገበያ ላይ የሚበዛው ቮልቴጅ ከፍ ብቻ የሚያደርገው ቡስት ኮንቨርተር ይህን ዝላይ አያስቆምም፤ መግቢያው ከመውጫው ሲበልጥ እንዳለ ያሳልፈዋል። ስለዚህ ዋጋው ቢወደድም ከፍም ዝቅም የሚያደርገውን ባክ ቡስት ወስጄ መውጫውን 5 ቮልት ላይ አሰርኩት። ከፊቱ ለቅጽበታዊ መንቀጥቀጥ ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር፣ ከሞጁሎቹ ቀጥሎ ደግሞ እሳቱ ሲጠፋ ኃይል ወደኋላ እንዳይፈስ ሾትኪ ዳዮድ አለ። ተራ ዳዮድ ከእንዲህ ያለ ትንሽ ቮልቴጅ ላይ 0.7 ያህሉን ይበላል፤ ሾትኪው ግን ግማሹን ያህል ብቻ ነው የሚወስደው።

ስልክም አምፖልም የሚሰካው ባትሪው ላይ እንጂ ሞጁሉ ላይ አይደለም። ሞጁሉ ምድጃው እስከነደደ ድረስ ጥቂት ጥቂት ያጠራቅማል፤ ማታ የሚወጣው ከተጠራቀመው ነው።