ሃምሳ ያልሞላ ትንፋሽ

ኅዳር 13

ትናንት ኅዳር ሲታጠን የሰፈራችን ቆሻሻ ከየአጥሩ ሥር ተጠርጎ ሲነድ አመሸ። ልማዱ በ1911 ዓ.ም. ከገባው የኅዳር በሽታ ጋር ተያይዞ የቀረ ነው፤ ጢሱ በሽታ ያባርራል ይባላል። በእኛ ቤት ግን ቀድሞም ጉንፋን የያዘው የ11 ወር ልጄ ሌሊቱን ሙሉ ሲስል አደረ፤ እኔም ጠዋት ከመሥሪያ ቤት የግማሽ ቀን ፈቃድ ጠይቄ ወደ ወረዳችን ጤና ጣቢያ ይዤው ሄድኩ። ባለቤቴ የወሊድ ፈቃዷን ጨርሳ ሥራ ከገባች ወዲህ የክትባቱም የሕክምናውም ካርድ የሚኖረው በእኔ ቦርሳ ውስጥ ነው።

ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በሚታከሙበት ክፍል በር ላይ ተራ ከሚጠብቁት መካከል ወንድ እኔ ብቻ ነበርኩ። ካርድ የምትሰበስበው ልጅ «እናቱስ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ሥራ ላይ መሆኗን ስነግራት እንዳዘነችልኝ ሁሉ ከንፈሯን መጠጠች። ከጎኔ የተቀመጡት እናቶች ግን ልጁን እንዴት እንደማቅፈው ሳይቀር አርመውኛል።

ተራችን ደርሶ ስንገባ ሲስተሯ ማዳመጫዋን ወዲያው ታነሣለች ብዬ ነበር የጠበቅሁት። እሷ ግን የልጁን ልብስ እስከ ደረቱ እንድገልጥላት ካደረገች በኋላ ሰዓቷን ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ዝም ብላ ሆዱን ታየው ጀመር። ልጁ በዚያች ቅጽበት አለቀሰ። «አባቱ፣ አባብለው፤ እያለቀሰ የተቆጠረ ትንፋሽ አይረባም» አለችኝ፤ የቤት ቁልፌን ሰጥቼው እስኪረጋ ድረስ፣ በር ላይ ያን ያህል ሰው እየጠበቃት፣ ሳትቸኩል ጠበቀችን። ከዚያ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቆጠረች። ከከንፈሯ እንቅስቃሴ በቀር በክፍሉ ውስጥ የሚሰማም የሚታይም ነገር አልነበረም። 46 ብላ ጻፈች።

ከ2 ወር ጀምሮ 12 ወር እስካልሞላው ድረስ ያለ ሕፃን በደቂቃ 50ና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ትንፋሹ ፈጥኗል ይባላል፤ ከ12 ወር እስከ 5 ዓመት ላለው ደግሞ ወሰኑ 40 ነው። በሳልና በጉንፋን መካከል የተደበቀውን የሳንባ ምች ራጅ በሌለበት ቤት የሚለዩት በዚህ ቁጥርና ልጁ አየር ሲስብ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ይሰረጉድ እንደሆነ በማየት ነው። የእኔ ልጅ ዓመት የሚሞላው ታኅሣሥ 8 ስለሆነ፣ ዛሬ ደህና የተባለለት 46 ከ25 ቀን በኋላ ቢቆጠር ኖሮ የሳንባ ምች ተብሎ በውኃ የሚሟሟ አሞክሳሲሊን ያሳዝዝለት ነበር ማለት ነው። ይህን ስነግራት ሳቀችና «እንግዲህ መስመሩ አንድ ቦታ ላይ መሰመር አለበት» አለችኝ። ይጠባል ወይ፣ የወሰደውን ሁሉ ያስመልሰዋል ወይ፣ አንቀጥቅጦት ወይም ፈዝዞ ያውቃል ወይ ብላ በየተራ ጠየቀችኝ፤ የምግብ እጥረት እንዳለበት ለማየት የክንዱን ዙሪያ በመለኪያው ለካች፤ አረንጓዴው ላይ ዋለ፣ 13 ሴንቲ ሜትር ከግማሽ አካባቢ። ከዚያ አንቲባዮቲክ እንደማያስፈልገው፣ ጡትና ፈሳሽ ማብዛት እንዳለብን፣ በ5 ቀን ካልተሻለው ወይም መተንፈስ ካስቸገረውና መጥባት እምቢ ካለ ግን ቀን ሳልቆጥር እንድመልሰው ነግራ ሸኘችኝ።

ከልቤ ልጻፍና፣ ስወጣ ቅር ብሎኝ ነበር። ግማሽ ቀን ፈቃድ ወስጄ፣ ተራ ጠብቄ፣ በእጄ አንድ ሽሮፕ እንኳ ሳልይዝ መመለሴ ያልታከመልኝ ያህል ተሰማኝ። ቤት ስደርስ አማቴ ይህንኑ ስሜቴን በቃል አወጡት፤ «መርፌም ሳይወጉት ነው የመለሱህ?» አሉኝ።

«ትንፋሹን ቆጥረው የሳንባ ምች አይደለም ብለዋል፣ እማዬ።»

«እኮ፣ ምች ነው! እኔስ ከትናንት ጀምሮ ምን እያልኩ ነው?» ብለው ዳማከሴ ሊቀጥፉ ወደ ጓሮ ወጡ።

አልፈርድባቸውም። ጥፋቱ የቃሉ ነው፤ አማቴ የሚያውቁት ምች በፀሐይና በእንፋሎት የሚመታውን፣ ዳማከሴ ታሽቶ የሚቀቡለትን ነው፤ የጤና ባለሙያዎቹ ሳንባ የሚለውን ቃል ከፊቱ ጨምረው ሌላ በሽታ አደረጉት፣ እሳቸው ግን የሚሰሙት የኋለኛውን ቃል ብቻ ነው። ዳማከሴውን ግንባሩ ላይ ቢቀቡት አልተቃወምኩም። ለሳሉ ሊያልሱት ያመጡትን ማር ግን፣ ዓመት ሳይሞላው እንዳይሰጠው ሲስተሯ አጥብቃ ስለነገረችኝ ከእጃቸው ተቀብዬ ቁም ሣጥኑ ላይ አስቀመጥኩት፤ ኩርፊያቸው እስከ ማታ ዘለቀ።

ከሰዓት በኋላ በቢሮዬ ተቀምጬ የማስበው ግን ስለሌላ ቆጠራ ነበር። መስከረም ላይ ልጁ 9 ወር በሞላው ሰሞን ለኩፍኝ ክትባት ያመጣሁት ሐሙስ ቀን ነው። የሳንባ ነቀርሳ መከላከያውን ቢሲጂ ሲወለድ፣ አምስት በሽታ የሚከላከለውን ፔንታና የሳንባ ምች መከላከያውን ፒሲቪ ከ45 ቀኑ ጀምሮ በየቀጠሮው ያለ ምንም ችግር አስከትበነው ስለነበር ያን ቀንም እንደዚያው መስሎኝ ነበር። ከእኔ ሌላ ሁለት እናቶች ብቻ ነበሩ። የክትባት ክፍሏ ነርስ ሦስታችንን በዓይኗ ቆጠረችና «የኩፍኝ ዛሬ አይከፈትም፣ ማክሰኞ ኑ» አለችን። ተቆጥቼ ምክንያቱን ብጠይቃት ከአውራ ጣት የማትበልጥ ጠርሙስ አውጥታ አሳየችኝ፤ ውስጧ ደረቅ ዱቄት ነው፣ በማሟሟያው ከተበጠበጠ በኋላ 10 ልጅ ይከተብበታል፣ በ6 ሰዓት ውስጥ ያላለቀው ይደፋል። «ለ3 ልጅ ብከፍተው የ7 ልጅ ክትባት ደፋሁ ማለት ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ በብርድ ሰንሰለት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ተጠብቆ እዚህ የደረሰን ክትባት መድፋት ማንም አይወድም።

ይሁን እንጂ የዓለም ጤና ድርጅት ምክር አንድ ልጅ ብቻ ቢመጣም ጠርሙሱ ይከፈት የሚል መሆኑን ኋላ ሳነብ፣ ትዝ ያለችኝ ከሁለቱ እናቶች አንዷ ናት። በአቅራቢያው በሚሠራ ሕንፃ ላይ አሸዋ የምትሸከም የቀን ሠራተኛ ስትሆን፣ የነጠላዋ ጫፍ ላይ የደረቀ ሲሚንቶ ነበር። ማክሰኞ ኑ ስትባል አልተከራከረችም፤ ልጇን መልሳ አዘለችና «እሺ» ብላ ወጣች። ለእኔ ማክሰኞ ሌላ የፈቃድ ወረቀት ነው፣ ለእሷ የሁለተኛ ቀን ደመወዝ። ማክሰኞ ጠዋት ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት ድረስ እዚያ ነበርኩ፣ ልጄም ተከተበ፤ እሷን አላየኋትም። ከሰዓት መጥታ ሊሆን ይችላል። ካልመጣች ግን መቅረቷ የሚታወቀው ከወራት በኋላ የመጀመሪያውን ፔንታ የወሰዱትና ኩፍኝ የተከተቡት ልጆች ቁጥር ሲነጻጸር ነው፤ ያን ጊዜም የሚገኘው ልዩነት በመቶኛ የተጻፈ ነው እንጂ የልጅ ስም የለውም። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የጠፉትን በየቤቱ እየዞሩ ይፈልጋሉ፣ የእኛንም በር አንኳኩተው ያውቃሉ፤ በሕንፃ ሥራ ቦታ በቆርቆሮ የተከለለ መጠለያ ግን የቤት ቁጥር የለውም። ያን ሐሙስ እኔ ስለ ራሴ ፈቃድ ብቻ ተከራክሬ ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ደግሞ ሌላውን እወቅሳለሁ እንጂ እኔም ቆጥሬ የማልጨርስ ሰው ነኝ። ሐምሌ ላይ ተቅማጥ ይዞት ኦአርኤስና 10 የዚንክ እንክብል ሰጥተውን ነበር፤ ተቅማጡ ቢቆምም 10 ቀን ሙሉ በየቀኑ አንድ አንድ እንድንሰጠው ተነግሮናል። ዛሬ ማታ የሙቀት መለኪያውን ፍለጋ መሳቢያውን ስከፍት 7ቱ እንክብሎች ከነማሸጊያቸው ተቀምጠው አገኘኋቸው። በሦስተኛው ቀን ልጁ ሲስቅ አይተን ተውነው። አማቴ ያኔ ጥርስ እያበቀለ ነው ብለው ነበር፤ ጥርሱ የወጣው ከአንድ ወር በኋላ ነው።

አሁን ከምሽቱ 5 ሰዓት ሆኗል። በኩፍኝ ሁለተኛው ዙር ቀጠሮ፣ ማለትም 15 ወር በሚሞላው በመጋቢት ገጽ ላይ «ማክሰኞ» ብዬ በእርሳስ ጽፌ ካርዱን ወደ ቦርሳዬ መለስኩት። ልጁ ዳማከሴ ዳማከሴ እየሸተተ ተኝቷል። ልብሱን ገልጬ በስልኬ ሰዓት ትንፋሹን መቁጠር ጀመርኩ፤ 31 ላይ ስደርስ ተገላበጠና ጠፋብኝ፤ እንደገና ጀምሬ 43 አገኘሁ። ባለቤቴ ከእንቅልፏ ሳትነቃ «ስንት?» አለችኝ፤ ነገርኳት። አማቴ ከወዲያኛው ክፍል ሳሉን ሰምተው «ቀዝቅዞት ነው፣ አልብሱት!» አሉ፤ አለበስነው።